ሲነቀል ሥሩ የማይቀር ፓኬጅ

አንድ ማታ፣ ለወራት ያለ ምንም ችግር ስጠቀምበት የነበረ የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም አልከፈትም አለኝ። አገር ሰላም ብዬ ሲስተሙን አፕዴት አድርጌ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አብርቼ ነው የተቀመጥኩት። አይኮኑን ስጫነው ለአፍታ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ዝም። ተርሚናል ከፍቼ በስሙ ስጠራው «ሲምቦል ሉክአፕ ኤረር» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ተዘጋ። ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮድ በሆነ አንድ ላይብረሪ ውስጥ የሚፈልገውን ፈንክሽን አጥቷል ማለት ነው። ግን እንዴት? የላይብረሪው አዲስ ቨርዥን ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው የተጫነው።

«ኤልዲዲ» የሚባለውን ትእዛዝ አስነሣሁ። ፕሮግራሙ የትኛውን ላይብረሪ ከየት እንደሚያመጣ በዝርዝር ያሳያል። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ሁሉም ሲስተሙ ራሱ ከጫናቸው ቦታ ነው የሚመጡት፤ አንዱ ብቻ «ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ» ይላል። እዚያ ምን ይሠራል ብዬ ትንሽ አሰብኩና ትዝ አለኝ። ከዓመት በፊት ሌላ ፕሮግራም ለመሞከር ብዬ ያንን ላይብረሪ ሰው ከጻፈው ኮድ፣ ከሶርስ ኮዱ፣ ኮምፓይል አድርጌ «ሱዶ ሜክ ኢንስቶል» በሚባለው ትእዛዝ በቀጥታ ሲስተሙ ውስጥ ጭኜው ነበር። ፕሮግራሙን ሞከርኩት፣ አልወደድኩትም፣ ረሳሁት። ላይብረሪው ግን አልሄደም። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ሲስተሙ ላይብረሪ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ያንን የሎካል ፎልደር ስለሆነ፣ የዓመቱ አሮጌ ፋይል ከአዲሱ ፊት ቆሞ መንገድ ዘግቶ ነበር።

ላጥፋው ብል ደግሞ የቱን ከየቱ? «ሜክ አንኢንስቶል» የሚባል ነገር አንዳንድ ፕሮጀክቶች አላቸው፣ እሱ ግን የተጫነበትን የሶርስ ፎልደር ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ፎልደሩን ከደለትኩት ቆይቻለሁ። ስለዚህ የፋይሎቹን ቀን እያየሁ፣ በዚያን ቀን የተፈጠሩትን አንድ በአንድ እየመረጥኩ ስሰርዝ አመሸሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ያን ማታ ነው ፓኬጅ መሥራት መማር አለብኝ ያልኩት። እስከዚያ ድረስ ፓኬጅ ማለት ለእኔ ፕሮግራም መጫኛ ነበር። አሁን እንደ መዝገብ ነው የማየው። እያንዳንዱ ፋይል የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳመጣው፣ ባለቤቱ ሲሄድ ምን አብሮ መሄድ እንዳለበት የተጻፈበት መዝገብ። የዴቢያን ፓኬጆችን በሚያስተዳድረው «ዲፒኬጂ» ላይ የፋይል ስም ሰጥተህ ይህ የየትኛው ፓኬጅ ነው ስትለው ወዲያው ይነግርሃል። በሜክ ኢንስቶል የገባ ፋይል ግን ስም የለሽ ነው። ማንም አያውቀውም።

መጀመሪያ ያለ ምንም አጋዥ መሣሪያ በእጄ ሠራሁ። ለሚጀምር ሰው ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ግን የግድ፣ አድርገው እላለሁ። አንድ ፎልደር ትፈጥራለህ፣ ውስጡ ፋይሎቹን ልክ ሲስተሙ ላይ እንደሚቀመጡት ታስቀምጣለህ፣ በትልልቅ ፊደል «ዴቢያን» የተባለ ንዑስ ፎልደር ውስጥ «ኮንትሮል» የሚል ፋይል ትጽፋለህ። የፓኬጁ ስም፣ ቨርዥን፣ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ ኃላፊው፣ አጭር መግለጫ። ከዚያ «ዲፒኬጂ-ዴብ ቢልድ» ትላለህ፣ አለቀ። የወጣውን የዴብ ፋይል፣ ማለትም ፓኬጁን፣ «ኤአር» በሚባለው የድሮ መሣሪያ ስከፍተው ሦስት ነገር ብቻ አገኘሁ። «2.0» ተብሎ የተጻፈባት አንዲት ትንሽ ፋይል፣ መረጃው ያለበት ታር (ብዙ ፋይል በአንድ የሚታሸግበት ፋይል)፣ ፋይሎቹ ያሉበት ታር። ይኸው ነው። ለዓመታት እንደ ተአምር የማየው ነገር ሦስት ፋይል ሆኖ ተገኘ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የውስጡን ታር በዝርዝር ሳየው የፋይሎቹ ባለቤት እኔ ነኝ። ማለቴ የኔ የተጠቃሚ ቁጥር፣ 1000። ብዙ ሊኑክሶች ላይ መጀመሪያ የሚፈጠረው ተጠቃሚ ይህን ቁጥር ነው የሚይዘው። ይህን ፓኬጅ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ብጭነው፣ እዚያ ቁጥር 1000 የሆነ ሰው ያለ ምንም ፈቃድ ፕሮግራሙን ከፍቶ መለወጥ ይችላል፣ የተለወጠውን ፕሮግራም ደግሞ ሩት፣ በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ አንድ ቀን ያስነሣዋል። ለዚህ ነው «ፌክሩት» የሚባለው መሣሪያ የመጣው። ሩት ሳትሆን ፋይሎቹ የሩት እንደሆኑ አስመስሎ ያሳያል፣ ታሩም እንደዚያ ይመዘግበዋል። አሁን አሁን ዲፒኬጂ-ዴብ ራሱ ለዚሁ የሚሆን አማራጭ አለው። ይህን በእጄ ባልሠራው ኖሮ ፌክሩት ለምን እንደሚያስፈልግ ሳላውቅ ለዓመታት እጠቀምበት ነበር።

ከዚያ ወደ አጋዦቹ ሄድኩ። መጀመሪያ «ቼክኢንስቶል»። በሜክ ኢንስቶል ፋንታ እሱን ታስነሣዋለህ፤ መጫኛው የት የት ምን እንደጻፈ ይከታተልና ከዚያ ፓኬጅ ይሠራል። ለራስህ ማሽን፣ ለአንድ ቀን ሙከራ፣ በጣም ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ ያ ላይብረሪ በአንድ ትእዛዝ ይነሣ ነበር። ለሌላ ሰው ግን አልሰጥም፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሌላ ምን ምን እንደሚፈልግ በራሱ ፈልጎ አይጽፍልህም። «ኤፍፒኤም» ደግሞ አለ፤ አንድ ፎልደር ወይም የፓይተን ወይም የሩቢ ፓኬጅ ሰጥተኸው ዴብ ወይም አርፒኤም (እንደ ፌዶራ ያሉ ሊኑክሶች የሚጠቀሙበት የፓኬጅ ዓይነት) አውጣልኝ ትለዋለህ። መሥሪያ ቤት ውስጥ በራሳችሁ ሰርቨሮች ላይ ብቻ ለሚዞር ነገር ፈጣን ነው፣ አልነቅፈውም።

ልቤ የቀረው ግን «ዴብሄልፐር» ጋ ነው። ጆይ ሄስ በ1997 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፓኬጅ ስትሠራ የሚደጋገሙ ብዙ ትንንሽ ሥራዎች አሉ። ዶክመንቱን ቦታው ማስቀመጥ፣ ማኑዋሉን ማመቅ፣ የፋይል ፈቃዶችን ማስተካከል፣ ከፕሮግራሙ ላይ ለስሕተት መፈለጊያ የሚሆነውን የዲበግ መረጃ መላጥ፣ የሚያስፈልጉ ላይብረሪዎችን መቁጠር። ለእያንዳንዱ አንድ ትንሽ ትእዛዝ አለ፣ ሁሉም ስማቸው በ«ዲኤች» ይጀምራል። ድሮ ሰዎች እነዚህን አንድ በአንድ «ሩልስ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ይደረድሩ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ሰባተኛው ዴብሄልፐር ሲመጣ ራሱ «ዲኤች» የሚባል አንድ ትእዛዝ መጣና ሁሉንም በተራ መጥራት ጀመረ። ሩልስ ፋይሉ ወደ ሦስት መስመር ወረደ። የመጀመሪያው «ሜክ» የሚባለው ፕሮግራም እንዲያነበው የሚል፣ ሁለተኛው የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ነጥብ፣ ሦስተኛው ዲኤች። ሦስተኛው መስመር በታብ መጀመር አለበት፤ ኤዲተርህ ታቡን ወደ ስፔስ ከቀየረው አይሠራም፣ የሚሰጥህ ኤረር ደግሞ ታብ የሚለውን ቃል ላይጠቅስልህ ይችላል።

ሦስት መስመር ሲያይ ሰው ይፈራል። ይህ ሁሉ ሥራ የት ገባ? እኔም ፈርቼ ነበር። ከፍርሃት ያወጣኝ አንድ አማራጭ ነው፣ «ኖ-አክት» የሚባለው። ዲኤች ባይነሪ ብለህ እሱን ስትጨምርበት ምንም ሳይሠራ ምን ሊሠራ እንዳሰበ በተራ ይዘረዝርልሃል። ኮንፊገር፣ ቢልድ፣ ቴስት፣ ኢንስቶል፣ ከዚያ ረጅም ሰልፍ። ያንን ዝርዝር ወረቀት ላይ ገልብጬ ከእያንዳንዱ ጎን በእጄ ስሠራ የትኛውን እንደሠራሁ ምልክት አደረግኩ። ግማሹን እንኳ አልሠራሁም። ላይብረሪዎቹን የሚቆጥረውን ትእዛዝ ሳየው በተለይ ገረመኝ፤ እኔ በግምት የጻፍኩትን የዲፔንደንሲ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች፣ ዝርዝር እሱ የተሠራውን ፕሮግራም ራሱን ከፍቶ፣ የትኛውን ላይብረሪ እንደሚጠራ አንብቦ፣ ያ ላይብረሪ በየትኛው ፓኬጅ እንደሚገኝና ቢያንስ የትኛው ቨርዥን እንደሚያስፈልግ አጣርቶ ይጽፈዋል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባሉ መሣሪያዎች ብዙ አይቻለሁ። ይህ ግን ከእጅ ይሻላል፣ በብዙ ይሻላል።

አንድ አጋዥ መሣሪያ ላይ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ምን እንደምትሠራ አሳየኝ። ካሳየኝ እተማመንበታለሁ። ካላሳየኝ የቱንም ያህል ቢያፈጥነኝ ልቤ አያርፍም።

አጋዡ የማያውቀው ነገርም አለ። አንድ የማስታወሻ መጻፊያ ፕሮግራም ፓኬጅ ሠራሁ። የሆሄ ማረሚያ አለው፣ «ሀንስፔል» በሚባለው ላይብረሪ ነው የሚሠራው። እኔ ማሽን ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ከዚያ «ኤስቢልድ»ን ሞከርኩ። ይህ መሣሪያ ባዶ፣ ንጹሕ የሆነ ትንሽ ሲስተም ይከፍትና ቢልድ ዲፔንደንሲ ብለህ፣ ማለትም ለመሥራት ያስፈልጋሉ ብለህ፣ የጻፍካቸውን ብቻ ጭኖ ፓኬጁን እዚያ ውስጥ ይሠራል፣ ሲጨርስ ያንን ሲስተም ያፈርሰዋል። «ፒቢልደር» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ አርፒኤም ለሚሠሩት «ሞክ» አለ፤ አርች በሚባለው ሊኑክስ ላይ ደግሞ «ዴቭቱልስ»። እኔ የጠበቅኩት አንድ ነገር ረስቼ ከሆነ በኤረር እንደሚቆም ነው። አልቆመም። በሰላም ጨረሰ። ፓኬጁ ወጣ።

ሁለቱን ፓኬጆች፣ ማሽኔ ላይ የተሠራውንና ንጹሕ ክፍል ውስጥ የተሠራውን፣ «ዴብዲፍ» ላይ ሰጥቼ ማወዳደሬ በጀኝ። የዲፔንደንሲው መስመር ላይ ሀንስፔል ጠፍቷል። ወደ ኋላ ሄጄ የቢልድ ሎጉን፣ ሥራው ደረጃ በደረጃ የተመዘገበበትን ሺህ የሚያልፍ መስመር፣ ሳነብ መሀል ላይ አገኘሁት። «ቼኪንግ ፎር ሀንስፔል... ኖ»። በቃ። ከመሥራቱ በፊት ሲስተሙ ላይ ምን እንዳለ የሚፈትሸው የኮንፊገር ስክሪፕት ላይብረሪውን አላገኘም፣ ስለዚህ የሆሄ ማረሚያውን ዝም ብሎ ዘግቶ ቀጠለ። እኔ ማሽን ላይ ላይብረሪው በሌላ ምክንያት ድሮ ተጭኖ ስለነበር ያገኘዋል፤ ንጹሑ ክፍል ውስጥ የለም፣ እኔም አልጻፍኩትም። ይህ ፓኬጅ ለሰው ቢደርስ አንድም ኤረር አይታይም ነበር። አንድ ሰው ብቻ አንድ ቀን የሆሄ ማረሚያው የት ሄደ ብሎ ሜኑውን ሲያገላብጥ ይውላል።

ያስተካከልኩት በሁለት መስመር ነው። ላይብረሪውን ቢልድ ዲፔንደንሲ ላይ ጨመርኩ። ከዚያ ለኮንፊገር ስክሪፕቱ ሀንስፔልን በግልጽ እፈልጋለሁ የሚል አማራጭ ሰጠሁት፣ ካጣው እንዲቆምና እንዲጮህ። ሁለተኛው ይበልጣል እላለሁ። ዝም ብሎ ከሚያልፍ ነገር ጮሆ የሚቆም ይሻላል። ዴብሄልፐርም በዚህ መንገድ እየሄደ ነው፤ ከአንድ ሶርስ ሁለትና ከዚያ በላይ ፓኬጅ ስታወጣ፣ አንድ ፋይል ተጭኖ ግን ለየትኛውም ፓኬጅ ካልተመደበ ድሮ ዝም ይል ነበር፣ ፓኬጁ በሚመርጠው የዴብሄልፐር ደረጃ 12 ላይ ማስጠንቀቅ ጀመረ፣ ደረጃ 13 ላይ ሥራውን ያቆማል። አርፒኤምም እንዲሁ፣ ያልተመደበ ፋይል ካገኘ ሥራውን ያቆማል። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። በኋላ ግን ስንት ጊዜ እንዳዳነህ ትቆጥራለህ።

«ሊንቲያን»ን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የተሠራውን ፓኬጅ ይመረምርና እዚህ ጋ ማኑዋል የለም፣ እዚህ ጋ ፈቃዱ ልክ አይደለም፣ እዚህ ጋ የፊደል ስሕተት አለ ይልሃል። ብዙ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል፣ ወይም ሁሉንም በኦቨርራይድ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ እለፈው በሚል ፋይል፣ ያፍነዋል። እባካችሁ አታፍኑት። እያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ለምን እንደተነሣ የሚያብራራ ጽሑፍ አብሮት አለ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሊንቲያን የሚሳሳትበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ኦቨርራይድ ጻፉ፣ ግን ከላዩ ላይ ለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ምናልባት እናንተው ናችሁ።

አርች ላይ ነገሩ ቀለል ይላል። «ፒኬጂቢልድ» የምትባል በባሽ፣ በተርሚናል ትእዛዝ ቋንቋ፣ የተጻፈች አንዲት ፋይል ናት፣ ውስጧ ማዘጋጀት፣ መሥራት፣ መፈተሽ፣ ማሸግ የሚሉ ፈንክሽኖች አሏት፣ «ሜክፒኬጂ» ያነባታል። ሜክፒኬጂ ሩት ሆነህ ብታስነሣው እምቢ ይላል፣ ይህን በጣም እወድለታለሁ። ነገር ግን እዚያ ሌላ ዓይነት አጋዥም አለ፣ «ያይ» እና «ፓሩ» የሚባሉት፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ፒኬጂቢልድ ወደሚያስገቡበት ማከማቻ ወደ ኤዩአር ሄደው፣ አውርደው፣ ሠርተው፣ ጭነው የሚመጡ። አመቺ ናቸው። ፋይሉን ላሳይህ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰው ኢንተር ተጭኖ ያልፋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ባለቤት አልባ የሆነ የፒዲኤፍ ማንበቢያ ፓኬጅ አንድ ሰው ተረክቦ ከኢንተርኔት ስክሪፕት አውርዶ የሚያስነሣ መስመር ጨመረበት። መስመሩ እዚያው ፒኬጂቢልድ ውስጥ፣ በግልጽ፣ ለሚያነብ ሁሉ ይታይ ነበር። አሁን ፋይሉን ሳላነብ አላልፍም። አብዛኞቹ አንድ ገጽ አይሞሉም።

ማንበብ የማይበቃበት ጊዜም መጣ። መጋቢት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ላይ «ኤክስዜድ» የሚባለው የማመቂያ ፕሮግራም ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የኋላ በር፣ ሌላ ሰው በድብቅ እንዲገባ የሚያደርግ ኮድ፣ ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ ከሩቅ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባበት የኤስኤስኤች መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶበት ለምን ብሎ ጠየቀ። ጉዳዩ ለኛ ፓኬጅ ለምንሠራ ሰዎች በጣም ቅርብ ነው። ተንኮሉን የሚያነሣሣው ቁራጭ ኮዱ ከነለውጦቹ በሚቀመጥበት በጊት ላይ ባለው ኮድ ውስጥ አልነበረም፣ ለመልቀቂያ በተዘጋጀው ታር ውስጥ ብቻ ነው የነበረው። ደግሞ በማንም እጅ አይነቃም ነበር፤ የዴቢያን ሩልስ ፋይል መኖሩን ወይም የአርፒኤም ቢልድ መሆኑን አይቶ ነው የሚነቃው። ያ ሦስት መስመር ያልኳችሁ ፋይል። እሱን ነበር የሚፈልገው። ይህን ያነበብኩ ቀን ስክሪኑ ላይ ያለችውን የራሴን ሩልስ ፋይል ረጅም ሰዓት አየኋት።

የአጋዦቹ ፊርማ ማረጋገጫ እዚህ ጋ አይረዳም፣ ምክንያቱም ታሩን የፈረመው ለመልቀቅ ሥልጣን የነበረው ሰው ራሱ ነው። «ዩስካን» አዲስ ቨርዥን ያወርድልሃል፣ ፊርማውን ያጣራልሃል፣ ውስጡ ምን እንዳለ ግን አያውቅልህም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቨርዥን ሳወርድ ታሩን ፈትቼ ከጊት ታጉ፣ ጊት ላይ የዚያ ቨርዥን ምልክት ካለበት ኮድ፣ ጋር አወዳድራለሁ፣ የሚለያዩትን ፋይሎች እከፍታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የኮንፊገር ስክሪፕትን በሚያመነጩት መሣሪያዎች፣ በአውቶቱልስ፣ የተፈጠሩ ፋይሎች ናቸው፣ አሰልቺ ናቸው፣ ግን እከፍታቸዋለሁ። ከተቻለኝ ደግሞ ታሩን ትቼ ከጊቱ ራሱ እሠራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያንን የማስታወሻ ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን አዘጋጀሁ። ኤስቢልድ አለፈ። ሊንቲያን ዝም አለ። የመጨረሻው «ፒዩፓርትስ» ነው። ንጹሕ ሲስተም ውስጥ ፓኬጁን ይጭነዋል፣ ያነሣዋል፣ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፣ ከዚያ ሲስተሙ ከመጫኑ በፊት እንደነበረው ሆኗል ወይ ብሎ ፋይል በፋይል ያወዳድራል። ወደቀ። ፓኬጁ ከጠፋ በኋላም «ቫር/ሎግ» ሥር አንድ ፎልደር ቀርቷል ይላል። የኔ የመጫኛ ስክሪፕት የፈጠረው የሎግ ፎልደር ነው፣ ማጥፊያውን አልጻፍኩም።

ያንን ላይብረሪ ለመልቀም ያመሸሁበት ማታ ትዝ አለኝ። ፓኬጁ ከተነሣ በኋላ የሚሠራውን «ፖስትአርኤም» የሚባለውን ፋይል ከፍቼ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፋ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ፎልደሩን የሚያነሣ አራት መስመር ጻፍኩ። ከታች ዴብሄልፐር የራሱን የሚሰካበትን ምልክት አስቀመጥኩ፣ እሱ ከተረሳ አጋዡ የሚጨምረው የጽዳት ኮድ ሁሉ ሳይገባ ይቀራልና። እንደገና ሠራሁት፣ እንደገና ፒዩፓርትስን አስነሣሁ። ሎጉ ብዙ ወረደ፣ ቆይቶ ቆመ። መጨረሻው ላይ «ፓስ፦ ኦል ቴስትስ» ይላል።